"ትንሽ ጫና" የሚሉት ሕመም፦ የአላይነር ገበያው የማይነግረው የመጀመሪያ ሳምንት

ማስታወቂያው ላይ ሕመም የለም። አንዲት ቆንጆ ልጅ ከትንሽ ሳጥን ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ታወጣለች፣ ጥርሷ ላይ ታጠልቀዋለች፣ ትስቃለች፣ ቪዲዮው ያልቃል። ሽቦ የለም፣ ምልልስ የለም፣ ማንም አያውቅብህም ይላል መልእክቱ። ከሥር በደቃቅ ፊደል "በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ጫና ሊሰማዎት ይችላል" የሚል ዓረፍተ ነገር ይኖራል፤ ላይኖርም ይችላል።

ከዚያ ማስታወቂያው ያላሳየው ክፍል ይጀምራል። ገዢው የመጀመሪያውን አላይነር ባጠለቀ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጥርሱ ይከብደዋል። ሌሊት ከእንቅልፉ ይነቃል። በማግስቱ ቆሎ መቆርጠም ቀርቶ ጥርስን ከጥርስ ማስነካት ያመዋል። የፕላስቲኩ ጠርዝ ምላሱንና ጉንጩን ይልጠዋል። "ሰ" እና "ሸ" ይምታቱበታል፣ አፉ ምራቅ ይሞላል፣ ስልክ ማንሳት ያፍራል። ሊበላ ብሎ ፕላስቲኩን ሲያወልቅ ጥርሱ አብሮ የሚነቀል ይመስለዋል። በዚህ ጊዜ በልቡ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ይህ የሚጠበቅ ነው ወይስ የሆነ ነገር ተበላሽቷል?

በዚህ ንግድ ውስጥ ትልቁ ጥፋት ሕመሙ መኖሩ አይደለም። ሕመሙ ከሽያጩ በፊት መደበቁና ከሽያጩ በኋላ ያቺን አንዲት ጥያቄ የሚመልስ ሰው መጥፋቱ ነው።

መጀመሪያ ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ምስማር የተመታ ነገር አይደለም። በጥርሱ ሥርና በአጥንቱ መካከል እጅግ ቀጭን የሆነ የጅማት ሽፋን አለ፤ ደም ሥርና ነርቭ ያለው ሕያው አካል ነው። አላይነሩ የሚሠራው አሁን ላለው የጥርስ አቀማመጥ አይደለም፣ ጥርሱ ወደፊት እንዲደርስበት ለሚፈለገው ቦታ ነው። እያንዳንዱ አላይነር ጥርስን እስከ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ይገፋል። በተገፋበት በኩል ያ ቀጭን ጅማት ይጨፈለቃል፣ ደም ይቀንስበታል፣ ይቆጣል። ሰውነት የሚያመነጫቸው የመቆጣት ኬሚካሎች ሁለት ሥራ ይሠራሉ። ነርቩን ያስቆጣሉ፤ ሕመሙ ይህ ነው። አጥንት የሚበሉትን ሕዋሳትም ይጠራሉ፤ ለጥርሱ መንገድ የሚከፈተው በእነሱ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል።

እንግዲህ ያለዚህ መቆጣት ጥርስ ከቦታው አይነቃነቅም። "ጥርስህን እናንቀሳቅሳለን፣ ግን ምንም አይሰማህም" የሚል ሻጭ ወይ የሚሸጠውን አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ይዋሻል።

የሕመሙ አካሄድ ደግሞ ምስጢር አይደለም። ለኦርቶዶንቲክስ ባለሙያ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው። ከተጠለቀ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፣ በመጀመሪያው ቀን ገደማ ጫፍ ይደርሳል፣ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ቀን በኋላ ይቀንሳል፣ በሳምንቱ አብዛኛው ሰው ይረሳዋል። ሁለተኛው አላይነር ሲመጣ እንደገና ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን እንደ መጀመሪያው አይከፋም። ሕመሙን ከሽቦ ብሬስ ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች በጥቅሉ በመጀመሪያው ሳምንት የአላይነር ተጠቃሚዎች ያነሰ ሕመም እንደሚናገሩ ያሳያሉ። ይህ እውነት ነው፤ መባልም አለበት። ግን "ከሽቦ ያነሰ" ማለትና "የለም" ማለት አንድ አይደሉም። ከሽቦ ያነሰ ሕመም እየሸጠ "የለም" የሚል ነጋዴ፣ የሠላሳ ኪሎ ጆንያ ተሸካሚን "ከሃምሳ ይሻላልና ባዶ ነው" እንደማለት ነው።

ሌላም ያልተነገረ አለ። ብዙ ታካሚ ጥርሱ ላይ ትንንሽ ጉብታዎች እንደሚለጠፉ የሚያውቀው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ፕላስቲኩ ጥርሱን ጨብጦ እንዲያዞር የሚያስችሉት እነዚያ ጉብታዎች ናቸው፤ ጉንጭ የሚልጡትና አላይነሩን ማውለቅ የሚያስቸግሩትም እነሱ ናቸው። ቦታ ለማግኘት ሲባል በጥርስና በጥርስ መካከል ኢናሜል በጥቂቱ ሊሞረድ እንደሚችል የሚነገረው ስንቱ ነው? በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት መጥለቅ አለበት ማለት በተግባር ምን እንደሆነስ? ለቁርስ፣ ለምሳ፣ ለእራትና ጥርስ ለመቦረሽ የሚቀረው ሁለት ሰዓት፣ ቢበዛ አራት ነው ማለት ነው። ትኩስ ቡና ፕላስቲኩን ያቀልማል፣ ቅርጹንም ሊያበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ ተወልቆ ነው የሚጠጣው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ተቀምጦ የሚጠጣ ቤተሰብ ውስጥ ያለ ሰው የቀኑን ፈቃድ በአንድ ቡና ይጨርሳል። ሕመሙን ሸሽቶ አንድ ሌሊት ያወለቀ ደግሞ በማግስቱ መልሶ ሲያጠልቅ የባሰ ይጠብቀዋል፤ ጥርሱ ወደነበረበት መመለስ ጀምሯልና።

እነዚህ ሁሉ አምስት ደቂቃ የሚወስዱ ቃላት ናቸው። ታዲያ ለምን አይባሉም? መልሱ ገበያው ውስጥ ነው።

አላይነር በዛሬው መልኩ ገበያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተቋቋመው አላይን ቴክኖሎጂ ነው። መሥራቾቹ ዚያ ቺሽቲና ኬልሲ ዊርዝ የስታንፎርድ የንግድ ትምህርት ተማሪዎች ነበሩ እንጂ የጥርስ ሐኪሞች አልነበሩም። ኢንቪዛላይን የተባለው ምርታቸው በ1998 ከአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አገኘ። ያም ሆኖ ምርቱ ለሕዝብ የሚደርሰው በሐኪም በኩል ነበር። ራጅ ይነሣል፣ ድድ ይታያል፣ ሕመም ሲኖር የሚደወልለት ሰው አለ። ዋጋው ውድ ነው፤ ሐኪሙ ግን አለ።

ቀጥሎ የመጡት "ሐኪሙን እናስወግደው፣ ዋጋው ይወርዳል" አሉ። ከእነሱ ትልቁ በ2014 የተቋቋመውና መቀመጫውን ናሽቪል ያደረገው ስማይል ዳይሬክት ክለብ ነበር። ደንበኛው ቤቱ ሆኖ በሚላክለት ሳጥን የጥርሱን ልክ ይወስዳል፣ ወይም ሱቅ ሄዶ ጥርሱን ስካን ያስደርጋል፤ አላይነሮቹ በፖስታ ይመጣሉ። ኩባንያው ፈቃድ ያላቸው ሐኪሞች ከርቀት ዕቅዱን ያያሉ ይል ነበር። ዋጋው ወደ 2 ሺህ ዶላር ነበር፣ ሐኪም ዘንድ ከሚጠየቀው ከግማሽ በታች። በመስከረም 2019 አክሲዮኑን በ23 ዶላር ለሕዝብ ገበያ ሲያቀርብ ኩባንያው ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተገመተ።

ይህ ሐሳብ ሰው የሳበው በከንቱ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ኢንሹራንስ የአዋቂን ጥርስ ማስተካከል አይሸፍንም። ቀን ፓርኪንግ ማታ ታክሲ የሚሠራ፣ ለሐኪም ቀጠሮ ፈቃድ ሲወስድ የሰዓቱ ደመወዝ የሚቆረጥበት የዋሽንግተን ወይም የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ሐበሻ ርካሹንና ቀጠሮ የሌለውን ቢመርጥ ማን ይፈርድበታል? የሚፈረደው ይህን ችግር አይቶ ሐኪሙን ከዋጋው ጋር አብሮ በቀነሰው ላይ ነው።

ሕመም ሲመጣ ምን ሆነ? እዚህ ላይ የመንግሥት መዝገብ አለ። የዋሽንግተን ዲሲ ዋና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በ2022 ኩባንያውን ከሰሰ። ክሱ እንዲህ የሚል ነበር፦ ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው የጠየቁ ቅሬታ ያላቸው ደንበኞች ስለ ደረሰባቸው ነገር እንዳይናገሩ የምስጢር ውል እንዲፈርሙ ይደረጋል። በ2023 ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ኩባንያው ከ17 ሺህ በላይ ደንበኞችን ከዚያ ውል ነፃ ለማድረግና ለከተማዋ 500 ሺህ ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ይህን ቁጥር አንባቢ ደግሞ ያንብበው። ከ17 ሺህ በላይ ሰው አፉ ተለጉሞ ነበር። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚለው ተረት የተነገረው ለበሽተኛው ነው። እዚህ የደበቀው ሻጩ ነው፤ መድኃኒት ያጣው ግን በሽተኛው ሆነ። አዲስ ገዢ አስተያየቶችን ሲያነብ የሚያገኘው የሳቁትን ብቻ ነበር፤ የተቆጡት ገንዘባቸውን ለማስመለስ ዝምታቸውን ሸጠዋል። አበሻ "ጥርስ ባዳ ነው" የሚለው ለዚህ ነው፤ ልብ ሲያዝን እሱ ይስቃል።

መጨረሻው ይታወቃል። በመስከረም 2023 ኩባንያው ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር ከሚጠጋ ዕዳ ጋር የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። በታኅሣሥ 8 ቀን 2023 በሩን ዘጋ። የዕድሜ ልክ ያለው ዋስትና ከእንግዲህ እንደሌለ አስታወቀ፤ በክፍያ ዕቅድ የገዙ ደንበኞች ግን ክፍያቸውን መቀጠል እንደሚጠበቅባቸው ተነገራቸው። ግማሽ መንገድ ላይ ያለ፣ ጥርሱ ተነቃንቆ ገና ያልረጋ ሰው "በአካባቢህ ያለ የጥርስ ሐኪም አማክር" ተባለ። ያን ሐኪም እንዳያስፈልገው ነበር እኮ ገንዘቡን የከፈለው!

አንዱ ኩባንያ ከሰረ፣ ጉዳዩ አለቀ የሚል ካለ ተሳስቷል። ዴንትስፕላይ ሲሮና የተባለው ትልቅ የጥርስ ሕክምና ዕቃ አምራች ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ የገዛውን ባይት የተባለ ተመሳሳይ ምርት በጥቅምት 2024 ሽያጩን አቆመ። የሰጠው ምክንያት በአጭሩ ይህ ነው፦ ደንበኞች የሚመዘገቡበት አሠራር፣ ሕክምናው የማይስማማቸው ሰዎች እንዳይገቡ በበቂ ሁኔታ አያረጋግጥም። በሌላ አነጋገር ማን መጀመር እንደሌለበት በሩ ላይ ቆሞ የሚለይ ሰው አልነበረም።

ለምን ይህ ወሳኝ እንደሆነ ለመረዳት ወደዚያ ቀጭን ጅማት እንመለስ። ድዱ ጤነኛ የሆነ ሰው የመጀመሪያ ሳምንት ሕመሙ ይመጣል፣ ይሄዳል። ድዱ የታመመና አጥንቱ የተበላ ሰው ግን በዚያው ሳምንት ተመሳሳይ ሕመም ሊሰማው ይችላል፤ ከሥር እየሆነ ያለው ነገር ግን ሌላ ነው። መደገፊያው የሳሳ ጥርስ ሲገፋ ጭራሽ ሊላላ ይችላል፣ ሊወድቅም ይችላል። ሁለቱን ሰዎች በስልክ ፎቶ መለየት አይቻልም። ራጅ ያስፈልጋል፣ ድድ የሚለካ እጅ ያስፈልጋል። "ትንሽ ጫና የተለመደ ነው" የሚለው አውቶማቲክ መልስ ለመጀመሪያው ሰው እውነት ነው። ለሁለተኛው ሰው ጥርሱን የሚያሳጣው ዓረፍተ ነገር እሱ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሡ መከራከሪያዎች አሉ፤ መመለስ አለባቸው።

አንደኛው "ሕመሙን አስቀድመን ብንናገር ሰው ይፈራል፣ ሕክምናውን ይተዋል" የሚል ነው። ይህ ሰውን መናቅ ነው። አበሻ ለውበት ሲል ሕመም እንደሚከፈል ያውቃል። በትግራይ፣ በጎንደርና በወሎ ስንት እናቶችና አያቶች ድዳቸውን ተነቅሰዋል? በመርፌ ወይም በእሾህ እየተወጋ ጥላሸት የሚቀባበት ሥራ ነው፤ ንጽሕናው ባልተጠበቀ መሣሪያ ስለሚሠራም ለጤና አደገኛ ነበር፤ ማንም እንዲመለስ አይመኝም። ግን አንድ ነገር ነበረው፦ "ምንም አያምሽም" ተብላ የተቀመጠች ልጅ አልነበረችም። ነቃሿም ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ድዷን እያየች ነበር። ሕመም የተነገረው ሰው ይዘጋጃል። ያልተነገረው ግን ሕመሙ ሲመጣ ይደነግጣል፣ አላይነሩን ያወልቃል፣ ዕቅዱ ይዛነፋል፣ ቀጣዩ አላይነር አልገባ ይለዋል። ሕክምናውን የሚያስተወው እውነቱ ሳይሆን ድንጋጤው ነው።

ሁለተኛው ከተቃራኒው ወገን ይመጣል። "የሀብታም ቅንጦት ነው፤ ፈጣሪ የሰጠህን ጥርስ ተቀብለህ አትኖርም? ለቆንጆ ሳቅ ብለህ ካመመህ ቻለው" ይላል። ፍንጭትን እንደ ውበት የሚያወድስ ሕዝብ ስለ ጥርስ መደርደር ቢጠራጠር አይገርምም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ፍንጭቱን የሚወድ አይዝጋው። ግን ጥርሱ ተደራርቦ ለመቦረሽ የሚያስቸግረው አለ፣ አነካከሱ ተዛብቶ የሚቸገር አለ፣ አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚስቅም አለ። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ገንዘብ ከፍሎ ሕክምና የገባ ሰው የታካሚ መብት አለው። "ቻለው" የሚለው ምክር ደግሞ ከሻጩ "የተለመደ ነው" ጋር ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ ሁለቱም ሰውየው እንዳይጠይቅ ያደርጋሉ።

ሦስተኛው "ሐኪሞቹ የሚጮኹት ገበያቸው ስለተነካ ነው" የሚል ነው። በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል። የኦርቶዶንቲክስ ሐኪሞች ማኅበራት በእነዚህ ኩባንያዎች ላይ ሲነሡ የራሳቸውም ጥቅም ነበረበት። ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ ሁሉም ታማኝ ነው ማለትም አይቻልም፤ ወንበር ላይ አስቀምጦ ስለ ሕመሙ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቅድመ ክፍያ የሚቀበል አለ። ነገሩ ግን ሐኪም ወይስ ፖስታ የሚል አይደለም። ማንም ይሽጠው፣ እውነቱን ይናገራል ወይ? ሲያምስ ይገኛል ወይ?

ይህ ጥያቄ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥም አላይነር የሚሠሩ የጥርስ ክሊኒኮች አሉ፤ ማስታወቂያው በየስልኩ ይመጣል። ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ሳጥንም ሊኖር ይችላል። ዘመድ የሚያመጣው ፕላስቲኩን ነው፤ ሐኪሙን በሻንጣ ማምጣት አይቻልም። ስለዚህ ማንም ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት፣ በሚገባው ቋንቋ፣ በጽሑፍ ሦስት ነገሮች ሊሰጡት ይገባል።

1ኛ፦ የሚጠበቀው ሕመም ልኩና ቀኑ። መቼ እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚበረታ፣ መቼ መቀነስ እንዳለበት። የሚያቀሉት ነገሮችም ይነገሩት፦ አዲሱን አላይነር ከመኝታ በፊት ማጥለቅ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ሽሮ ፍትፍት፣ ገንፎና አጥሚት ያለ ለስላሳ ነገር መብላት፣ የሚልጠውን ጠርዝ በሰም መሸፈን ወይም ሐኪሙ ሲፈቅድ በጥፍር ሞረድ ማለስለስ። ማስታገሻ የሚያስፈልገው ከሆነ የትኛው እንደሚሻለው ሐኪሙ ይንገረው፤ ብዙዎች ፓራሲታሞልን የሚመርጡት እንደ አይቡፕሮፌን ያሉት ጥርስ የሚያንቀሳቅሰውን መቆጣት ራሱን ስለሚቀንሱ ነው።

2ኛ፦ የማይጠበቀው ሕመም ዝርዝር። ከሳምንት በኋላ ከመቀነስ ይልቅ የሚጨምር፤ አንድ ጥርስ ላይ ብቻ የሚጠዘጥዝ፤ የድድ እብጠት ወይም መግል ያለው፤ ጆሮ ሥር መንጋጋው መገጣጠሚያ ላይ የሚሰማ፤ በግልጽ የሚወዛወዝ ጥርስ፤ ላይና ታች ጥርስ ከናካቴው አልገጥም ማለት። ከእነዚህ አንዱ ሲታይ መልሱ "የተለመደ ነው" ሊሆን አይችልም። መልሱ "ዛሬውኑ ና" ነው።

3ኛ፦ የሰው ስም። የኩባንያ ስም፣ የመልእክት ሳጥን ወይም ራሱን በራሱ የሚመልስ ማሽን አይበቃም። ድዱን በዓይኑ ያየ፣ ራጁን ያነበበና ሲያም ስልክ የሚያነሣ ባለሙያ ስምና ቁጥር።

ይህን መስጠት የማይችል ሻጭ አላይነር አይሽጥ። ይህን ያልሰጠውን ሻጭ ደግሞ ገዢው ገንዘቡን ይዞ ይለፈው፤ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ።

የመጀመሪያው ሳምንት ያማል። ሁለተኛው ይቀላል። ብዙ ሰው ጨርሶ ደስ ብሎት ይስቃል፤ ይህንን መካድ አይቻልም። ግን ያ ሳቅ የሚያምረው መጀመሪያ ላይ ያልተዋሸ፣ መሐል ላይ ብቻውን ያልተተወ ሰው ሳቅ ሲሆን ነው። በሌሊት ጥርሱን ይዞ ቁጭ ያለ ሰው የሚፈልገው ተአምር አይደለም። "ይህ ይጠበቃል፣ ነገ ይቀንሳል፤ ካልቀነሰ እኔ ጋ ና" የሚለው ሰው ነው የሚፈልገው። 2 ሺህ ዶላር ተቀብሎ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚነፍግ ንግድ የሸጠው ሕክምና ሳይሆን ፕላስቲክ ነው።